ፍላሽ ላይ "የጠፉ" ፋይሎችን መመለስና ኮምፒውተርን ያለ ወጪ ማጽዳት፦ እንዴት እንደሚሰራ

ፍላሻችሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ሁለት ገጽ አሳትማችሁ ተመለሳችሁ። ቤት ገብታችሁ ስትሰኩት ፎልደሮቹ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለዋል። ወይም ውስጡ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፍላሹን ስም የያዘ ሾርትከት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ደንግጦ ፎርማት ያደርገዋል፣ ወይ "እስቲ ይከፍት ይሆናል" ብሎ ደጋግሞ ይጫነዋል። ሁለቱንም ተዉት። ፋይላችሁ አልጠፋም፣ ፍላሹ ውስጥ ነው ያለው።

ይህን ለማስተካከል አንቲቫይረስ መግዛት አያስፈልግም። አብዛኛው የሚያስፈልጋችሁ ነገር ዊንዶውስ ውስጥ ተቀምጧል። ችግሩ አንድ ሰው፣ ምናልባትም ራሳችሁ፣ አጥፍታችሁት ሊሆን መቻሉ ነው። ወደዚያ እንመጣለን። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ምን ተፈጠረ?

ዊንዶውስ አንድን ፎልደር "የተደበቀ" እና "የሲስተም" የሚሉ ሁለት ምልክቶች ካሉበት በተለመደው አከፋፈት አያሳየውም። ፍላሹን የያዘው ቫይረስ ሁለቱን ምልክቶች እውነተኛው ፎልደራችሁ ላይ ያደርጋል። በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትነኩት መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፣ ከዚያ ፎልደሩ ይከፈታል። ፋይላችሁን ስላገኛችሁ ምንም አትጠረጥሩም። ኮምፒውተሩ ግን ተይዟል። ከዚያ በኋላ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ አስቡት።

ሁሉንም ፋይል ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ከትቶ፣ ውጭ አንድ ሾርትከት ብቻ የሚተው ዓይነትም አለ። በዚህ ዘዴ ከታወቁት አንዱ አንድሮሜዳ ይባላል። ኤፍቢአይ፣ የጀርመን ፖሊስና ዩሮፖል (የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም) ተባብረው የያዛቸውን ኮምፒውተሮች መረብ የበጣጠሱት በኖቬምበር 2017 ነው። የተበከሉ ፍላሾች ግን መረቡ ስለፈረሰ ብቻ አይጸዱም። መሳቢያ ውስጥ የቆየ ፍላሽ ዛሬም ሊያስተላልፍ ይችላል።

ነገሩ ጥንት የጀመረ ነው። በፒሲ ዓለም የመጀመሪያው የተስፋፋ ቫይረስ "ብሬይን" ሲሆን በ1986 ፓኪስታን ላሆር ውስጥ የጻፉት ባሲትና አምጃድ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ይተላለፍ የነበረው በፍሎፒ ዲስክ ነው። የሚገርመው ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ቫይረሱ ውስጥ አስገብተውታል! ዓላማቸው የሸጡት የሕክምና ሶፍትዌር ያለፈቃድ እንዳይባዛ መከላከል እንደነበር ተናግረዋል። የፒሲ ቫይረስ ታሪክ የሚጀምረው ከተሰረቀ ሶፍትዌር ነው ማለት ይቻላል። ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቅንም።

ድሮ ፍላሽ እንደተሰካ ውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ ይነሳ ነበር። በ2008 ዓለምን ያዳረሰው ኮንፊከር ይህንንም መንገድ ተጠቅሟል። በ2010 የተገኘው፣ የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ያጠቃው ስታክስኔት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ፎልደሩ ተከፍቶ የሾርትከቱ ምስል መታየቱ ብቻ በቂው ነበር። ማይክሮሶፍት ለዚያ ክፍተት በዚያው ዓመት ማሻሻያ ለቀቀ። በ2011 መጀመሪያ ደግሞ ፍላሽ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ ማሻሻያ ለድሮዎቹ ዊንዶውስ ኤክስፒና ቪስታ ለቀቀ። በተሻሻለ ዊንዶውስ ላይ የዛሬው የፍላሽ ቫይረስ በአብዛኛው የእናንተን ጣት ነው የሚጠብቀው። ካልነካችሁት አይነሳም።

በቅድሚያ ኮምፒውተሩ

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። የተበከለ ኮምፒውተር ላይ ያጸዳችሁት ፍላሽ ሳትነቅሉት ተመልሶ ይያዛል።

1. ጠባቂው ማን እንደሆነ እዩ። የስታርት ቁልፍን ተጫኑና "ዊንዶውስ ሴኩሪቲ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ። የጋሻ ምልክት ያለው ፕሮግራም ይመጣል። ከፍታችሁ "ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን" የሚለውን ግቡበት። እዚያ የማይክሮሶፍት ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ስም ካለና አረንጓዴ ምልክት ካሳየ ጥሩ ነው። የሌላ አንቲቫይረስ ስም ካለ ደግሞ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አረጋግጡ። ላፕቶፕ ስትገዙ ወይም ስታስጠግኑ የተጫነ የ30 ቀን ሙከራ ሊሆን ይችላል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ቦታውን ይለቅቃል። እንግዳው ጊዜው ካለፈበት ደግሞ አዳዲስ ቫይረሶችን የሚያውቅ ጠባቂ ላይኖር ይችላል።

ጊዜው ያለፈበትን ከ"ሴቲንግስ"፣ "አፕስ" ውስጥ ገብታችሁ "አንኢንስቶል" አድርጉት። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ዲፌንደር ራሱ ይነሳል። ሁለት ሦስት አንቲቫይረስ መደራረብ ጥበቃን አያበዛም። እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፣ ኮምፒውተሩም ይንቀራፈፋል። የኢንዶኔዥያው ስማዳቭ ለምሳሌ ለፍላሽ ጠቃሚ ነው ብለው ብዙዎች ይጭኑታል። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው የሚያቀርቡት ግን እንደ ተጨማሪ ጥበቃ እንጂ እንደ ዋና አይደለም። ብቻውን አትተማመኑበት።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ መንግሥት በ2024 የሩሲያውን አንቲቫይረስ የካስፐርስኪን ሽያጭ አግዷል። ከሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 ጀምሮ ኩባንያው እዚያ ላሉ ደንበኞች ማሻሻያ መስጠት አይችልም። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ የተረሳ ካላችሁ አውጡት።

2. የተከለሉ ቦታዎችን ፈትሹ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ እንድትወስዱ እፈልጋለሁ። እዚያው ገጽ ላይ "ማኔጅ ሴቲንግስ" የሚለውን ተጫኑ። ወደ ታች ውረዱና "ኤክስክሉዥንስ" የሚለውን ክፈቱ። ይህ ዲፌንደር "እዚህ አትግባ" የተባለበት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ባዶ መሆን አለበት። ራሳችሁ አውቃችሁ ያስገባችሁት ካልሆነ በስተቀር ያገኛችሁትን ሁሉ አውጡ። አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ሙሉው የሲ ድራይቭ እዚያ ተመዝግቦ ይገኛል። ጋሻው አረንጓዴ እያሳየ ምንም የማይይዘው ለዚህ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ "ታምፐር ፕሮቴክሽን" የሚለው "ኦን" መሆኑን እዩ። ሌላ ፕሮግራም ዲፌንደርን ተደብቆ እንዳያጠፋው ይከላከላል። የቤት ኮምፒውተራችሁ "ይህን የሚቆጣጠረው ድርጅታችሁ ነው" የሚል መልእክት ካሳያችሁ ተጠራጠሩ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይህ የተለመደ ነው። የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ፕሮግራም መቼቱን ነካክቶታል ማለት ነው።

3. አሻሽሉት። "ፕሮቴክሽን አፕዴትስ" ውስጥ "ቼክ ፎር አፕዴትስ" በሉ። ማይክሮሶፍት የቫይረስ መለያ ዝርዝሩን በቀን ደጋግሞ ያድሳል። የወር ዕድሜ ያለው ዝርዝር ብዙ ያመልጠዋል። ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ከማይክሮሶፍት ገጽ ላይ በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ መውሰድ ይቻላል። ፋይሉ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ስለሚሆን ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት። ባለ 64 ቢት የሚለውን መምረጥ አትርሱ፤ የዛሬ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው።

4. ዊንዶውስ ሳይነሳ ፈትሹ። "ስካን ኦፕሽንስ" ውስጥ ግቡ። ከአማራጮቹ "ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን" የሚለውን ምረጡ። በሥራ ላይ ያለ ቫይረስ ራሱን መደበቅ፣ ፋይሉንም እንዳይሰረዝ መቆለፍ ይችላል። ይህ ፍተሻ የሚካሄደው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ስለሆነ ቫይረሱ ገና አልነቃም። የጀመራችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጉ፣ ቻርጀር ሰኩ። ኮምፒውተሩ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል፣ 15 ደቂቃ ያህል ይሠራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይነሳል። ያገኘውን "ፕሮቴክሽን ሂስትሪ" ውስጥ ታያላችሁ።

ከዚህ በኋላ "ፉል ስካን" አድርጉ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ማታ አስጀምራችሁ ተኙ፤ መብራት ካልሄደ ጠዋት ያልቃል።

አሁን ፍላሹ

ፉል ስካን ሲሠራ ፍላሹ ተሰክቶ ስለነበር ተፈትሿል ብላችሁ አታስቡ። ዲፌንደር በተለመደው አቀማመጡ ሙሉ ፍተሻ ሲያደርግ ተነቃይ ዕቃዎችን አይጨምርም። ለብቻው ነው መፈተሽ ያለበት።

ፍላሹን ሰኩ፣ ግን ውስጡ ያለውን ምንም አትንኩ። "ዚስ ፒሲ" ውስጥ የፍላሹ ስም ላይ በማውሱ ቀኝ ተጫኑና "ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር" የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 11 ላይ ካላያችሁት "ሾው ሞር ኦፕሽንስ" በሉ። ቫይረስ አገኘሁ ካለ እንዲያስወግድ ፍቀዱለት።

ቀጥሎ እዚያው በቀኝ ተጫኑና "ፕሮፐርቲስ" ክፈቱ። ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ባዶ የሚመስለው ፍላሽ 5 ጊጋባይት ተይዟል ካለ ፋይላችሁ በቦታው ነው። ምንም አልተያዘም ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ ምንም አዲስ ነገር ሳትጭኑበት የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ወይም ባለሙያ ፈልጉ።

ሌላም የሚያምታታ ነገር አለ። የፋይሎቹ ስም ወደማይነበብ ምልክት ተቀይሮ፣ መጠናቸውም ትርጉም የሌለው ቁጥር ከሆነ ይህ ብዙውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም። ፍላሹ ራሱ እየሞተ ነው፣ ወይም ሀሰተኛ ነው። በርካሽ የሚሸጡ "ባለ 2 ቴራባይት" ፍላሾች ብዙዎቹ ትክክለኛ ይዘታቸው ከዚያ እጅግ ያንሳል። ሲሞሉ በቀድሞው ላይ ይጽፉበታል። አንቲቫይረስ ለዚህ መድኃኒት የለውም።

ፋይሉ መኖሩን ካረጋገጣችሁ እንዲታይ እናደርገዋለን። ፎልደር በምታዩበት መስኮት ላይ "ቪው" ውስጥ ግቡ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ቀጥሎ "ሾው" በሉ። "ሂድን አይተምስ" እና "ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ" የሚሉት ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለተኛውን ለሁልጊዜ ተዉት። የፎልደር ምስል ለብሶ የሚመጣ ፕሮግራም፣ ወይም ፒዲኤፍ መስሎ መጨረሻው ላይ "ኢኤክስኢ" የሚል ፋይል በዚህ ይጋለጣል።

የሲስተም ምልክት ያለበትን ለማየት አንድ እርምጃ ይቀራል። "ኦፕሽንስ" ክፈቱ፣ እዚያ ውስጥም "ቪው" የሚለውን ክፍል። ዝርዝሩ ውስጥ የተጠበቁ የዊንዶውስ ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን፣ "ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ"፣ ምልክቱን አንሱ። ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ "የስ" በሉ።

አሁን ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች ብቅ ይላሉ። እነሱ ናቸው የእናንተ። ስም የሌለው ፎልደር ካያችሁም ክፈቱት፣ ንብረታችሁ እዚያ ሊሆን ይችላል። "ሲስተም ቮሊውም ኢንፎርሜሽን" የሚባለው ፎልደር ግን ዊንዶውስ ራሱ የሚፈጥረው ስለሆነ ተዉት፤ ቫይረስ ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

ኮምፒውተራችሁ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ። ፎልደሮቹን እንዳሉ አትገልብጡ። እያንዳንዱን ክፈቱና ውስጡ ያሉትን ሰነዶች፣ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ብቻ ኮፒ አድርጉ። ሾርትከት፣ መጨረሻው "ኢኤክስኢ"፣ "ቪቢኤስ" ወይም "ጄኤስ" የሆነ ነገር አትውሰዱ። ከተገለበጠ በኋላም ደብዘዝ ያለ ሰነድ ካለ በወርድ ከፍታችሁ በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉት፤ የድብቅነት ምልክቱ አብሮት አይሄድም።

የወሰዳችኋቸውን ጥቂቶቹን ከፍታችሁ አረጋግጡ። ፍላሹን ፎርማት የምታደርጉት ከዚያ በኋላ ነው። ትክክለኛውን ድራይቭ መምረጣችሁን ሁለት ጊዜ እዩ። ከፎርማት ዓይነቶቹ ፋት32 ከመረጣችሁ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ አሮጌ ቴሌቪዥንና የመኪና ማጫወቻ ግን የሚወደው እሱን ነው። ለኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ኤክስፋት ይሻላል። በመጨረሻ ከ"ኦፕሽንስ" ያነሳችሁትን ምልክት መልሱት። የዊንዶውስ የውስጥ ፋይሎች ተገልጠው ከቀሩ ልጆች ወይም እንግዳ በስህተት ሊሰርዟቸው ይችላሉ።

ክራክ ነገር

ቢሯችን ውስጥም ሆነ ቤታችን ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ምን ያህሉ በክራክ (ሳይከፈል መቆለፊያውን በሚሰብር ፕሮግራም) እንደተጫነ ሁላችንም እናውቃለን። ዋጋው በዶላር ነው፣ ካርድ የለም፣ ሥራ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ስብከት አልጀምርም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አብሮት የሚመጣው መመሪያ የመጀመሪያው መስመር ብዙ ጊዜ "አንቲቫይረስህን አጥፋ" ነው። ዘበኛውን አሰናብቶ ለማያውቁት ሰው በሩን ከፍቶ እንደመተኛት ነው። ቅድም ያየነው የተከለሉ ቦታዎች ዝርዝርም የሚሞላው በአብዛኛው በዚህ ሰዓት ነው።

በዚህ መንገድ ከሚገቡት መካከል ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው የራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ቤተሰብ ይገኝበታል። ሰፊ ስርጭቱን ያገኘው በክራክና በአክቲቬተር ነው። ፋይሎችን ይቆልፋል፣ ስማቸው ጫፍ ላይ አራት ፊደል ገደማ ይጨምራል፣ የጽሑፍ ማስታወሻም ይተዋል። ለረጅም ጊዜ ሲጠይቅ የኖረው 980 ዶላር ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለከፈለ 490። አብሮት ብሮውዘር ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን የሚሰርቅ ሌላ ፕሮግራም ሊያስገባም ይችላል።

ይህ ከደረሰባችሁ አትክፈሉ፤ የተቆለፉትንም ፋይሎች አትሰርዙ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ለዩት፣ ከላይ ባለው መንገድ አጽዱት። ከዚያ "ኖ ሞር ራንሰም" የሚባለውን ገጽ ፈልጉ። በ2016 የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከጸጥታ ኩባንያዎች ጋር የከፈቱት ነው። የትኛው ቫይረስ እንደሆነ ይለይላችኋል፣ መክፈቻ ካለውም በነጻ ይሰጣችኋል። ለስቶፕ ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2019 የለቀቀው መክፈቻ ለብዙ የቆዩ ዓይነቶች ይሠራል። ለሁሉም ግን አይደለም። ቫይረሱ ሲቆልፍ ኢንተርኔት አግኝቶ ለእናንተ ብቻ የተዘጋጀ ቁልፍ ካወረደ መክፈቻው አይረዳም። ያኔም ቢሆን የተወሰነ ተስፋ አለ። ስቶፕ የሚቆልፈው የእያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ 150 ኪሎባይት ገደማ ነው። ትልልቅ ቪዲዮዎችን በጥገና ፕሮግራም በከፊል መመለስ የሚቻለው ለዚህ ነው። የይለፍ ቃሎቻችሁን ደግሞ ከሌላ ንጹህ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ቀይሩ፤ በኢሜይሉ ጀምሩ።

ከመድረሱ በፊት የምታደርጉት ነገርም አለ። "ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን" ታች ላይ "ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን" የሚል አለ። ውስጡ ያለው "ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ" በተለመደው አቀማመጥ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አብሩት። የማይታወቅ ፕሮግራም ዶክመንትና ፎቶ ፎልደሮችን እንዳይለውጥ ያደርጋል። አንዳንዴ የምታምኑትንም ፕሮግራም ይከለክላል፤ ያኔ ከፈቃድ ዝርዝሩ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ትንሽ ያሰለቻል። የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚጽፍ ተማሪ ግን አብራው እለዋለሁ። ከዚያ በተጨማሪ የጽሑፉ አንድ ቅጂ ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ያልተሰካ ቦታ ላይ ይኑር። የተሰካ ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል።

የምታወርዱትን አንድ ፋይል ከተጠራጠራችሁ ቫይረስቶታል የሚባል ገጽ አለ። በ2004 በስፔን የተጀመረ፣ ዛሬ የጉግል የሆነ ነጻ አገልግሎት ነው። ፋይሉን በብዙ አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ያስመረምራል። የግል ሰነድ ግን አትጫኑበት። የተጫነው ፋይል ለጸጥታ ኩባንያዎች ይጋራል፤ የፓስፖርታችሁ ኮፒ እዚያ ምን ይሠራል?

የዊንዶውሱ ዕድሜ

ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ያበቃው በጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። የዊንዶውስ 10 ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 2026 የሚያቆይ ተጨማሪ የጸጥታ ማሻሻያ ፕሮግራም አለ፤ "ሴቲንግስ" ውስጥ ከ"ዊንዶውስ አፕዴት" መመዝገብ ይቻላል። ማይክሮሶፍት ዲፌንደርን በዊንዶውስ 10 ላይ ከዚያም በላይ እንደሚያድስ አስታውቋል። ይህ ግን የዊንዶውሱን ቀዳዳ አይደፍንም። በሜይ 2017 ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር የገባበት ክፍተት ማሻሻያው የተለቀቀው ከሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። የተጎዱት ያላሻሻሉት ናቸው።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ

ለማሳተሚያ ብቻ የምትጠቀሙበት ትንሽ ፍላሽ ያዙ። የሚታተመውን ፒዲኤፍ ብቻ ጫኑበት። ሌላ ምንም አይኑርበት። ስትመለሱ ሳትከፍቱ ስካን አድርጉት፣ ወይም በቀጥታ ፎርማት አድርጉት፤ የሚጠፋ ነገር የለውምና።

ብዙ ቤቶች አሁን በቴሌግራም ይቀበላሉ። ከፍላሹ አንጻር ይህ ይሻላል። ግን ከራሳችሁ ስልክ ወደ ቤቱ አካውንት ላኩ እንጂ የእነሱ ኮምፒውተር ላይ የእናንተን ቴሌግራም አትክፈቱ። የመታወቂያ ወይም የባንክ ደብተር ኮፒ ከሆነ ወረቀቱን እንደተቀበላችሁ መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ሰርዙት። ኮምፒውተሩ ላይ ያወረዱትንም ሳትወጡ እንዲያጠፉላችሁ ጠይቁ፤ "ከዳውንሎድም፣ ከሪሳይክል ቢንም" ብላችሁ።